ለቡና ሰዓት የሚሆን ትንሽ የጉዞ ፎቶ አልበም በእጄ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የጦሳዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። መስከረም ላይ ከእናቴና ከአክስቴ ጋር ረዘም ያለ ጉዞ ሄደን ነበር። መጀመሪያ ሐይቅ ደረስን። ከዚያ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጣን። ከግሸን ወደ ላሊበላ ተሻገርን። መልስ ላይ አክስቴን ለመሸኘት ባቲ ወርደን ሰኞ ገበያውን አየን። ፎቶው ሁሉ ስልኬ ውስጥ ነው።

እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ጎረቤት አይቀርም። አቦሉ ሳይቀዳ እናቴ የግሸንን ዳገት ማውራት ትጀምራለች። «እስኪ አሳዪያቸው» ትለኛለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ሲነካው ፎቶው ያልፋል፣ መሀል ላይ ይደወላል። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ዓይናቸው ስለደከመ «ኧረ እኔ ምኑም አይታየኝ» ብለው ይመልሱልኛል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ግሸንን ለማየት ከሁላችንም በላይ የሚጓጉት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ትንሽ አልበም ልሠራ አስቤያለሁ። ረከቦቱ አጠገብ የሚቀመጥ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። ሱቅ ያሉት አልበሞች ትልልቅ ናቸው። ፕላስቲክ ኪሳቸው ውስጥ ፎቶውን ይከቱታል፤ መጻፊያ ቦታ የላቸውም። እኔ ደግሞ እናቴ የምትናገረውን ከፎቶው ሥር መጻፍ እፈልጋለሁ። ዳገቱ ላይ ውሃ ያጠጡን ሴትዮ የት ጋ እንደነበሩ፣ አክስቴ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆማ ምን እንዳለች። አሁን ካልጻፍኩት ነገ ማን ያስታውሰዋል?

ኢንተርኔት ላይ የማየው ሁሉ ልዩ መብሻ ማሽን፣ ልዩ ወረቀት፣ ልዩ ማጣበቂያ ይፈልጋል። እኔ ደሴ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች በማገኘው ብቻ ነው መሥራት የምፈልገው። ወስፌና መርፌ ቤት አለ፤ እናቴ ስፌት ትሰፋለች።

ምን ዓይነት ወረቀት ልግዛ? ፎቶውን በምን መጠን ላሳጥብ? በምን ላጣብቀው? ከሁሉም በላይ ገጾቹ እንዳይበታተኑ እንዴት ልሥራው? ብዙ እጅ ነው የሚነካው፤ የልጆችም እጅ አለበት።

ባለ ፎቶ ቤት (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ እኔ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ስለ ኅትመቱ ልምከርሽ።

ዝም ብለሽ «እጠቡልኝ» ካልሽ አብዛኛውን ጊዜ በ10 በ15 ያወጡልሻል። የስልክ ፎቶ ግን በብዛት 4 ለ3 ነው፤ 10 በ15 ደግሞ 3 ለ2። ስለዚህ ወረቀቱን ለመሙላት ይቆረጣል። በአግድም የተነሳ ከሆነ ከላይና ከታች፣ በቁመት የተነሳ ከሆነ ከግራና ከቀኝ። ዳር ላይ የቆመች አክስትሽ ግማሽ ሆና ልትቀር ትችላለች። በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ሁለት ፎቶ፣ እያንዳንዱን 7.5 በ10 አድርገው እንዲያወጡልሽ ንገሪያቸው። 7.5 በ10 ልክ 3 ለ4 ስለሆነ የስልክሽ ፎቶ ሳይቆረጥ ይገባል። በአንድ ወረቀት ሁለት ፎቶ ስለምታገኚም ወጪው ይቀልልሻል።

ፎቶውን በቴሌግራም የምትልኪ ከሆነ እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። ወረቀቱም የሚያብለጨልጨው ሳይሆን ማቱ ይሁን። የጣት አሻራ ብዙም አያሳይም፣ መስኮት አጠገብም አያንጸባርቅም። ለእማማ ይህ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው።

ማሰሩ ከከበደሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ በስፓይራል አሲዥው። ወዲያው ያልቅልሻል።

ጠራዡ (ደሴ)

ልጄ፣ እንደምን አለሽ። እኔ በመዝገብና በመጽሐፍ ጥረዛ ብዙ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጥያቄሽ ደስ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከስፓይራሉ ልጀምር። ወንድማችን በቅንነት ነው የነገረሽ፤ ለስብሰባ ወረቀት ጥሩ ነው። ፎቶ የተለጠፈበት ገጽ ግን ይከብዳል። ብዙ እጅ ሲያገላብጠው ቀዳዳው ይቀደዳል፤ አንዱ ከተቀደደ ሌላው ይከተላል። ጀርባውን በኮላ ብቻ ያያያዝሽው እንደሆነም ወለል አድርገው ሲከፍቱት ይሰነጠቃል። በክር የተሰፋ ግን ሲከፍቱት ይተኛል፣ አይበታተንም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከወሎ አትወጪም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ማለትም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጻሕፍት አገር ነው። የብራና መጽሐፍ በስፌቱ ነው የሚጸናው። ከፊትና ከኋላ የእንጨት ገበታ፣ መሀል ላይ ጥራዞች፣ ጥራዞቹን የሚያያይዝ ክር ወይም ጅማት። አንቺም ይህንኑ በወረቀት ትሠሪዋለሽ።

ወረቀቱ ወፈር ያለ ኤ4 ይሁን፤ 160 ወይም 180 ግራም ይበቃል። ነጭ ካልወደድሽ ክሬም ቀለም ያለው አለ። ኤ4ውን መሀሉን ቁረጪው። ከዚያ እያንዳንዱን ግማሽ መሀሉን እጠፊው። ቁመቱ 14.8፣ ወርዱ 10.5 ሳንቲም ሜትር የሆነ ገጽ ታገኛለሽ። 7.5 በ10 ፎቶ በዚህ ገጽ ላይ በደንብ ይቀመጣል። ወደ ላይ ጠጋ ካደረግሽው ከታች ሦስት አራት መስመር ይጻፍበታል። ፎቶው አግድም ከሆነ አልበሙን አዙሮ ማየት ነው፤ ትንሽ ስለሆነ አያስቸግርም።

«ለምን ቆርጬ አጥፋለሁ፣ ኤ4ውን እንዳለ አጥፌ ገጹን ትልቅ ባደርገውስ?» ትዪ ይሆናል። ወረቀት ውስጡ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ቃጫ አለው። ከቃጫው ጋር ሲታጠፍ ለስላሳ ነው፤ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል፣ አልበሙም እየተነሳ አልዘጋ ይላል። በብዛት የኤ4 ቃጫ በረጅሙ ጎን ነው የሚሄደው። እንዳለ ብታጥፊው ቃጫውን ትሰብሪያለሽ። ቆርጠሽ ስታጥፊው ግን እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ይሄዳል። ለማረጋገጥ ወረቀቱን ሳታጥፊ በሁለቱም በኩል ቀስ ብለሽ ለመጥ አድርጊው። በቀለለሽ በኩል ብታጥፊው የሚወጣው የእጥፋት መስመር የቃጫው አቅጣጫ ነው።

ከታጠፉት ሁለት ሁለቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገቢ። ይህ አንድ ጥራዝ ነው፤ አራት ቅጠል አለው። ስድስት ጥራዝ ብታደርጊ 24 ቅጠል ይሆናል። የሚፈጅብሽ ስድስት ኤ4 ብቻ ነው። በየቅጠሉ ፊት አንድ ፎቶ፣ ጀርባው ለጽሑፍ። ለአንድ ቡና ይህ ይበቃል።

አሁን የምነግርሽን አደራ እንዳትዘይው። ፎቶ የተለጠፈበት አልበም በአፉ በኩል ያብጣል፤ ጀርባው ግን ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አይዘጋም፣ ስፌቱም እየተሳበ ይላላል። ጀርባውንም ማወፈር አለብሽ። ከዚያው ወረቀት 2 ሳንቲም ሜትር ስፋት ያላቸው ረጃጅም ቁራጮች አውጪ፤ ማካካሻ እንላቸዋለን። መሀላቸውን አጥፈሽ በየጥራዙ ሁለት ሁለት አስገቢና አብረሽ ስፊያቸው። ገጹ ላይ የሚታየው አንድ ሳንቲም ሜትር ጠርዝ ብቻ ነው። አራት ፎቶ በአፍ በኩል፣ አራት ጠርዝ በጀርባ በኩል፤ ሚዛኑ ይጠበቃል።

የእናትሽ ወስፌ ለመብሻ ከማሽን ይበልጣል። በአንድ የካርቶን ቁራጭ ላይ ከጫፍ ጀምረሽ በ2፣ በ5፣ በ9.8 እና በ12.8 ሳንቲም ሜትር ላይ ምልክት አድርጊ። ሁሉንም ጥራዝ በዚህ እየለካሽ ብሺ፤ ቀዳዳዎቹ ትይዩ ካልሆኑ አልበሙ ይጣመማል። ጥራዙን ክፍት አድርገሽ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጪና እጥፋቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ውጊው። ክሩ ወፈር ያለ የጥጥ ክር ወይም የጫማ ሰፊ ክር ይሁን። ጧፍ ላይ ደጋግመሽ ጎትቺው። ሰሙ ሲይዘው አይወሳሰብም፣ የሳብሽውም ቦታ ላይ ይቆያል።

ሽፋኑ ከጠንካራ ካርቶን ነው። የዕቃ መጠቅለያ ካርቶን፣ ያ መሀሉ ክፍት የሆነው፣ አይሆንም፤ ቶሎ ይታጠፋል። የተጣለ የክላሰር ሽፋን ካገኘሽ እሱ ምርጥ ነው። ቁመቱን 15.4፣ ወርዱን 10.8 አድርጊው፤ ገጾቹን ትንሽ አልፎ ይሸፍናቸዋል። ጨርቅ ልታለብሺው ከፈለግሽ ነጩን የአናጢ ኮላ ሳሳ አድርገሽ ካርቶኑን ቅቢ። ጨርቁን አትቅቢ፤ ኮላው አልፎ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። በመጅ ወይም በከባድ መጽሐፍ ተጭኖ ይደር። ደሴ ጉም ሲሆን ማድረቁ ይዘገያልና አትቸኩዪ።

ስፌቱ። ክሩ ሁለት ነው። አንዱ ለላይኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ሌላው ለታችኞቹ። እያንዳንዱ ክር በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይኑረው። ሽፋኑንም ከዳሩ አንድ ሳንቲም ሜትር ገባ ብለሽ በእነዚያው አራት ልኮች፣ ግን መለኪያውን ከሽፋኑ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብተሽ፣ ብሺው። ሁለቱን መርፌዎች ከሽፋኑ ውጭ ወደ ውስጥ አሳልፊ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጥራዝ አስገቢያቸው። ጥራዙ ውስጥ ይሻገሩ፤ የላዩ በታችኛው ቀዳዳ ይውጣ፣ የታቹ በላይኛው። ከወጡ በኋላ ከበስተኋላቸው ባለው ስፌት ሥር አዙረሽ ጠበቅ አድርጊና ወደ ሚቀጥለው ጥራዝ ግቢ። በየጥራዙ ያንኑ ድገሚ፤ መግባት፣ መሻገር፣ መውጣት፣ ማዞር። ጀርባው ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መስመር ይወጣል። እጅሽ መጠነኛ ይሁን። በጣም ከሳብሽው ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ካላላሽው ይንቀጠቀጣል።

ፎቶውን ለማጣበቅ ማስቲሽ አይነካው። ሽታውም ቀለሙም ወደ ፎቶው ይዘልቃል። ፕላስተርም ጊዜ ሲቆይ ይቢጫል፣ ይደርቅና ይለቃል። ከወረቀት ትናንሽ ማዕዘኖች አጥፈሽ ሥሪ። ማዕዘኖቹን ገጹ ላይ በኮላ ለጥፊ፣ የፎቶውን አራት ጫፎች ውስጣቸው ሰክቺ። ፎቶው ራሱ ኮላ አይነካውም። የተበላሸ እንደሆነ አውጥተሽ በሌላ ትተኪዋለሽ።

የጦሳዋ (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ በጣም ነው ያከበሩኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ ወስፌውን አሁኑኑ አውጥታ አስቀምጣለች። ባለ ፎቶ ቤት ወንድሜም ተባረክ። ስለ 7.5 በ10 ባትነግረኝ ኖሮ ያ የአክስቴ ፎቶ መቆረጡ አይቀርም ነበር።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ከግሸን አምባ ላይ ሆኜ ዙሪያውን ያነሳሁት በጣም ሰፊ ፎቶ አለ። በ7.5 በ10 ከወጣ ተራራው ሁሉ ቀጭን መስመር ይሆናል። እማማ በደንብ እንዲያዩት የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ሌላው የአውቶቡስ ደረሰኞች፣ ከሐይቅ ዳር የለቀምኩት ቅጠልና ባቲ የገዛሁት ጨሌ አሉኝ። እነሱንስ ማስገባት ይቻላል?

ደግሞም ፎቶው ከሁለት መቶ በላይ ነው። 24 ብቻ እንዴት ልምረጥ?

የባቲዋ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አብሽሪ እህቴ፣ የምርጫው ነገር አያስጨንቅሽ። እኔም ለልጆቼ እንዲህ ዓይነት ደብተር ሠርቻለሁ።

አንቺ አትምረጪ። እናትሽ ትምረጥ። ፎቶዎቹን በተራ ወረቀት ትንንሽ አድርገሽ አሳትሚና ቆራርጠሽ ሰፌድ ላይ ዘርጊላት። ቡና አፍዪና ታውራ። እያወራች የምታነሳውን ለይተሽ አስቀምጪ። ምንም ሳትል የምታልፈው ፎቶ ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ አልበም አይሆንም። ቅደም ተከተሉንም በቀን አታድርጊው። ወሬዋን ከግሸን ዳገት የምትጀምር ከሆነ አልበሙም ከዚያ ይጀምር። ሐይቅ በኋላ ይምጣ፣ ምን ችግር አለው? እንግዳ የሚያየው እሷን እየሰማ ነው።

የምትለውንም እንደምትለው ጻፊው። በመጽሐፍ ቋንቋ አታስተካክዪው። «ወይ እመቤቴ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ካለች እንደዚያው ይጻፍ። ከሁሉም በላይ የሰው ስም ይጻፍ። ቦታውን ማንም ያውቀዋል፤ ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉት ከየትም ይነበባል። ያቺ ውሃ ያጠጣችሁ ሴት ማን እንደሆነች ግን ካንቺ አልበም ሌላ የትም አይገኝም። ስሟን ከጠየቃችኋት ጻፊው፤ ካልጠየቃችኋትም መልኳን፣ የቆመችበትን ቦታ ጻፊ። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አድርጊው። ስልኩ በፈረንጅ ነው የሚመዘግበው፤ እናትሽ ደግሞ መስከረም 21 ነው የምታውቀው።

የባቲ ገበያ ፎቶ ላይ አንድ ነገር ላሳስብሽ። ሰኞ ገበያችን አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም የሚገናኝበት ነው። ፎቶ የማይወድ ሰው ብዙ ነው። ጠይቀሽ ያነሳሽውን ብቻ አስገቢ። አክስትሽ እዚሁ ካለች ደግሞ አንድ አንድ ቅጂ ላኪላትና ለሰዎቹ ትስጥልሽ። በጣም ይደሰታሉ።

ስለ ሽፋኑም ልጨምር። አባቴ ዘንድ የነበሩት የቆዩ ኪታቦች ከኋላ ሽፋናቸው የሚቀጥል የቆዳ ክዳን ነበራቸው። ዞሮ አፉን ይሸፍንና ከፊት ሽፋኑ ሥር ይገባል። አንቺም ከኋላው ሽፋን ላይ ጨርቅ አስረዝመሽ እንደዚያ ብታደርጊው የቡና አቧራና የልጅ እጅ ገጹን አያገኘውም። በነጠላ ጥለት ብታስሪው ደግሞ ያምራል።

ጠራዡ (ደሴ)

የባቲዋ እመቤት፣ ስለ ኪታቡ ክዳን የነገርሻት በጣም ትክክል ነው። እኔ ሳልጠቅሰው ቀርቼ ነበር፤ ለዚህ አልበም የተሻለ ሽፋን የለም።

ልጄ፣ የግሸኑ ፎቶ መፍትሔ አለው። በጥንቱ የብራና ሥራ ሰንሱል የሚባል አለ፤ ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፈ የሚዘረጋ፣ በየእጥፋቱ ሥዕል ያለበት። አንድ ገጽ እንደዚያ አድርጊ። ፎቶውን በቁመት 10፣ በርዝመት 30 ሳንቲም ሜትር አሳጥቢው። ፎቶውን ራሱን ግን አትጠፊው፤ የፎቶ ወረቀት ሲታጠፍ ፊቱ ይሰነጠቃል። በአራት እኩል ክፍል ቁረጪው፤ እያንዳንዱ 7.5 ይሆናል፣ ልክ እንደ ሌሎቹ። በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ በመካከላቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት እየተውሽ ለጥፊያቸው። ይህኛው ማዕዘን ስለማይበቃው ነጩን ኮላ በጣም ሳሳ አድርገሽ ተጠቀሚ። እጥፋቱ በክፍተቶቹ ላይ ያርፋል። አንዱን ጫፍ ከአንድ ማካካሻ ጠርዝ ጋር አጣብቂው። እማማ ሲስቡት አምባው በሙሉ ይዘረጋላቸዋል። ይህ ገጽ ስለሚወፍር ለዚያ ጥራዝ ተጨማሪ ሁለት ማካካሻ ጨምሪለት።

ባለ ፎቶ ቤት (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ በስፓይራሉ አሸንፈውኛል። እኔም ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

እህቴ፣ ስለ ደረሰኙ። በማሽን የወጣው ለስላሳ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ነው። ጽሑፉ እየደበዘዘ ሄዶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ሳይደበዝዝ ፎቶ ኮፒ አድርጊውና ኮፒውን ለጥፊ። በእጅ የተቆረጠ ትኬት ከሆነ ግን ራሱን አስገቢው። ቅጠሉን በጋዜጣ መሀል አድርገሽ በደንብ አድርቂው፤ ጋዜጣውን በየጊዜው ቀይሪለት። ከፎቶ ፊት ጋር እንዳይነካካ ለብቻው በወረቀት ፖስታ ይሁን። ጨሌው ግን ገጽ ውስጥ አይግባ፤ ሲዘጋ ፎቶውን ይጫነዋል። የጥለቱ ማሰሪያ ጫፍ ላይ ብታንጠለጥዪው የተሻለ ነው።

በገጽ ላይ የመንገዱን ካርታም በእጅሽ ሳዪ። ከደሴ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ። ግሸን ወደ ግራ የሚገነጠል መስመር፣ ባቲ ደግሞ በኮምቦልቻ በኩል። ውጫሌ ላይ «1881» ብለሽ ብትጽፊ ልጆቹ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ የውጫሌ ውልን ታወሪላቸዋለሽ።

የጦሳዋ (ደሴ)

ወረቀቱን ዛሬ ገዛሁ፣ 180 ግራም ክሬም ነው። ጋሼ ባሉኝ መሠረት ለመጥ አድርጌ አየሁት፤ ቃጫው በረጅሙ ነው። እሁድ ቡና ላይ ፎቶዎቹን ሰፌድ ላይ እንዘረጋለን። እማማንም ጠርቻለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሼ። ክሩን ምን ያህል ርዝመት ልቁረጠው? ስፌቱን የምጨርሰውስ እንዴት ነው?

ጠራዡ (ደሴ)

ለእያንዳንዱ ክር አንድ ሜትር ተኩል ቁረጪ። ይተርፍሻል፤ ግን ከሚያጥር ይሻላል። የመጨረሻው ጥራዝ ላይ ስትደርሺ መርፌዎቹን በኋላው ሽፋን ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፊ፣ በስፌቱ ሥር አዙሪያቸው፣ ከዚያ ወደዚያው ጥራዝ ውስጥ መልሻቸው። ሁለቱን ጫፎች ጥራዙ ውስጥ እርስ በርስ ቋጥሪ። ቋጠሮው ጀርባው ላይ አይሁን፤ እጅ ሲነካው ይፈታል። ከቋጠሮው አንድ ሳንቲም ሜትር አስተርፈሽ ቁረጪው። ማዕዘኖቹንና ፎቶዎቹን የምታስገቢው ስፌቱ ካለቀ በኋላ ነው።